ከሰው ፊት ቆሞ መናገር ለሚከብደው ጀማሪ የተዘጋጀ መመሪያ

የእድር ሒሳብ እንዲያሰማ የተመረጠ ጸሐፊ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት እንዲያቀርብ የታዘዘ ባለሙያ፣ በወንድሟ ሠርግ ቤተሰቡን ወክላ እንግዶቹን እንድታመሰግን የተጠየቀች እህት፣ ሦስቱም የሚገጥማቸው ችግር አንድ ዓይነት ነው። የሚናገሩትን ነገር ያውቁታል፤ ከጓደኛ ጋር ቡና እየጠጡ ቢጠየቁ አሳምረው ያስረዱታል፤ ስማቸው ተጠርቶ ከወንበራቸው ሲነሡ ግን አፋቸው ይደርቃል፣ ልባቸው ይደልቃል፣ ያዘጋጁት ነገር ሁሉ ከአእምሯቸው ብን ብሎ ይጠፋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነርሱ ነው። በስታዲየም፣ በካዛንቺስና በአራት ኪሎ አካባቢ ባሉ አዳራሾች መድረክ በመምራት ካሳለፍኋቸው ዓመታት የተማርሁት ዋና ነገር ቢኖር፣ ተናጋሪው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ካወቀ ፍርሃቱ በግማሽ እንደሚቀልለት ነው። «አይዞህ፣ አትፍራ» የሚለው ምክር ከቅን ልብ የሚመጣ ቢሆንም መድረክ ላይ የሚጨበጥ ነገር አይሰጥም።

1. ፍርሃቱ በየት በኩል እንደሚይዝዎ ይለዩ

ሰውነት አደጋ የመጣበት ሲመስለው አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ በዚህም ምክንያት ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ምራቅ ይቀንሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህ ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚደረግ የሰውነት ዝግጅት ነው፤ ብዙ ዓመት መድረክ ላይ የቆዩ ሰዎችም ይሰማቸዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ፣ በታላላቆች ፊት አፍ መክፈት እንደ ድፍረት ሲቆጠር ያየ ሰው፣ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚፈራው መሳሳቱን ብቻ አይደለም፤ «እዩኝ እዩኝ አለ» መባልንም ይፈራል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት ይውሰዱና የሚፈሩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። መርሳትን ነው? የድምፅዎን መንቀጥቀጥ ነው? የሰውን አስተያየት ነው? መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና መለየቱ ይጠቅማል። መርሳትን የሚፈራ ሰው በጥሩ ማስታወሻ ይረዳል፤ ድምፁ የሚንቀጠቀጥበት ትንፋሹን ማሠልጠን አለበት፤ ይሉኝታ የያዘው ግን በትንንሽ መድረኮች ደጋግሞ ከመቆም በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

የመጀመሪያ ሪፖርቴን ያቀረብሁት ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በእጄ የያዝሁት ሁለት ገጽ ስስ ወረቀት ነበርና እጄ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ይንኮሻኮሽ ጀመር፤ ማይክሮፎኑም ያን ድምፅ ተቀብሎ በአዳራሹ ሁሉ አሰማው። ጆሮዬ ወደ ወረቀቱ ስለ ሄደ አንድ ሙሉ አንቀጽ ዘልዬ አነበብሁ። ከስብሰባው በኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ የነበረ የሥራ ባልደረባዬን ስጠይቀው «ድምፅ ማጉያው ያስቸግር ነበር መሰለኝ» አለኝ። እጄን አላየም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ያረጋገጡት ይህንኑ ነው፤ ተናጋሪው ፍርሃቱ ለሁሉ የሚታይ ይመስለዋል፣ አድማጩ የሚያየው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማስታወሻዬን የምጽፈው በወፍራም ካርቶን ላይ ነው፤ አትሮኖስ ካለም ከእጄ አውጥቼ እዚያ ላይ አኖረዋለሁ።

2. ከትንሹ መድረክ ይጀምሩ

ሰው በፈራ ቁጥር «ሌላ ሰው ያቅርብልኝ» ብሎ ሲያልፍ ለጊዜው እፎይ ይላል፤ ያ እፎይታ ግን ሽሽቱ ትክክል እንደ ነበረ ለሰውነት ያስተምረዋልና በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ይብሳል። በሌላ በኩል፣ ጭራሽ ያልተለማመደን ሰው ሁለት መቶ ሰው ፊት ማቆም ዋና የማያውቅን ወደ ጥልቅ ውኃ እንደ መወርወር ነው። የሚሻለው መሰላል መሥራት ነው።

በመሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ አድማጭዎ አንድ ሰው ይሁን፤ የሚያከብሩትና የማያሾፍብዎ ሰው መርጠው፣ ቡና ተፈልቶ በተቀመጣችሁበት፣ ለሁለት ደቂቃ ቆመው ይንገሩት። መቆሙ አይቅር፤ ተቀምጦ መናገርና ቆሞ መናገር ለሰውነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ደረጃ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ እኔ ለጀማሪ ከሁሉ አብልጬ የምመክረውም ይህንን ነው። በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አካባቢ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ትምህርታዊ ውይይቶችና የመጻሕፍት ምረቃዎች ይካሄዳሉ። ወደ አንዱ ሄደው ከፊት ካሉት ረድፎች በአንዱ ይቀመጡ፤ ኋላ የተቀመጠ ሰው ሲናገር አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ስለሚያየው ጀማሪውን ይረብሸዋል። ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይያዙ፤ ዕድሉ እንደ ተሰጠ ከመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች አንዱ ሆነው እጅዎን ያንሡ። ተራ በጠበቁ ቁጥር ልብዎ የሚደልቀው እየጨመረ ይሄዳልና መዘግየት አይጠቅምም። ተነሥተው ስምዎን ይናገሩ፣ ጥያቄውን ያቅርቡ፣ አመስግነው ይቀመጡ። ይህ ሁሉ ሃያ ሰከንድ አይሞላም፤ ነገር ግን ስምን በማይክሮፎን ማሰማት፣ የማያውቁት ሰው ፊት መቆም፣ ጀምሮ መጨረስ የሚሉት ሁሉ በውስጡ አሉ።

ከዚህ በኋላ በእቁብ ወይም በእድር ስብሰባ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለመናገር ይጠይቁ፤ ቀጥሎ በሥራ ቦታ የአምስት ደቂቃ ገለጻ፣ ከዚያ ሙሉ ሪፖርት ይመጣል። አንዱን ደረጃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳይደጋግሙ ወደሚቀጥለው አይውጡ።

3. የሚናገሩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ

አድማጩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይዞት እንዲሄድ የሚፈልጉት አንድ ነገር ምንድን ነው? እርሱን ይጻፉ፤ ሦስት የማይበልጡ ማስረጃዎችን ከሥሩ ያስፍሩ፤ ሌላውን ይተዉት።

4. ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቁ

ይህ ክፍል በእንግሊዝኛ ከተዘጋጁ የንግግር ትምህርቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ ግሡን በመጨረሻ የሚያመጡ እንደ አማርኛ ያሉ ቋንቋዎች ችግር ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ግሥ፣ ማሰሪያ አንቀጽ የሚባለው፣ የሚመጣው በመጨረሻ ላይ ነው። «ወርኃዊ መዋጮው ከ100 ብር ወደ 150 ብር እንዲያድግ በአባላት የቀረበውን ሐሳብ ኮሚቴው በሁለት ስብሰባዎች በስፋት ከመረመረ በኋላ…» እስኪባል ድረስ የሰማ ሰው ገና ምንም አላወቀም። «ተቀብሎታል» ይሁን «አልተቀበለውም» የሚነግረው የመጨረሻው አንድ ቃል ነው። የፈራ ተናጋሪ ትንፋሹ የሚያልቀው ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ድምፁ ይወርዳል፣ ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ያዘቀዝቃል፣ ቃሉን እንደ መዋጥ ያደርገዋል። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርሳቸው «ምን አለ?» ሲባባሉ የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። ተናጋሪውም ሹክሹክታውን ሲሰማ የሚያሙት ይመስለውና ይበልጥ ይደናገጣል።

መፍትሔው በጽሑፉ ይጀምራል። ለመነበብ የተጻፈ የመሥሪያ ቤት አማርኛ «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህ ጋር ተያይዞ» እያለ ስድስት ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀጥላል፤ ለአፍ ግን አይሆንም። ከላይ ያለውን እንዲህ ቢከፋፍሉት ይሻላል፦ «ስለ መዋጮው የቀረበ ሐሳብ ነበር። ከ100 ብር ወደ 150 ብር ይደግ የሚል ነው። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ መረመረው። በመጨረሻም ተቀብሎታል።» አራት ግሥ አለው፤ አድማጩ በየግሡ ላይ ያርፋል፣ ተናጋሪውም ይተነፍሳል።

ቀጥሎ እርሳስ ይዘው በእያንዳንዱ ማሰሪያ አንቀጽ ሥር ያስምሩ፤ ከዚያ በፊት ባለው ሐረግ መነሻ ላይ ደግሞ ትንሽ ጭረት ያድርጉ። ጭረቷ «እዚህ ተንፍስ» ማለት ናት። ሐረጉንና ግሡን በአንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ቀና ብለው ሰው እያዩ ይናገሯቸው። ወረቀቱን በዓረፍተ ነገሩ መካከል ቢያዩ የሚጎዳ ነገር የለም፤ በግሡ ላይ ግን ዓይንዎ ከሰው ጋር ይሁን።

ግሡን ከተናገሩ በኋላ አፍዎን ይዝጉና በልብዎ እስከ ሁለት ይቁጠሩ። ጀማሪ ይህን ዝምታ ስለሚፈራ «እ…»፣ «ምን ይባላል»፣ ከሁሉም በላይ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ማለት ነው» እያለ ይሞላዋል። «ማለት ነው» የሚለውን ቃል እንደ ትራስ የሚጠቀም ሰው እውነተኛው ግሥ ከበስተኋላው ተደብቆ እንደሚቀርበት ልብ ይበሉ። በ1924 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ቶስትማስተርስ የተባለው የንግግር ልምምድ ማኅበር በየስብሰባው ላይ እነዚህን የመሙያ ድምፆች የሚቆጥር አንድ አባል ይመድባል። እርስዎም አንድ የቅርብ ሰው እንዲቆጥርልዎ ቢያደርጉ ይህ ልማድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲቀንስ ያያሉ።

5. የሚጠብቁትን ፊደላት በወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው

ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» የሚለው ሲላላ የተናገረ ሰውን፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን ይገልጻል፤ «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ባለሙያ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል። በሪፖርት ላይ የበለጠ የሚያስቸግረው እንደ «ይሰጣል» ያለው ነው፤ ሰጪው ኮሚቴው መሆኑንና ለኮሚቴው የሚሰጥ መሆኑን የሚለየው የአንባቢው ድምፅ ነው። በጸጥታ ሲያነቡ አእምሮ ራሱ ስለሚያርመው ችግሩ አይታይም፤ በፍርሃት መካከል ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ግን ይሰናከላሉ፤ አንድ ጊዜ የተሰናከለ ሰው ደግሞ ልቡ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ጮክ ብለው አንብበው ያደናቀፉዎትን ቃላት ብቻ ይለዩና በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ። ፊደሉን ከለመዱት መጠን ከፍ አድርገው ይጻፉት ወይም ያሳትሙት፤ በመስመሮቹም መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዉ።

6. እየተራመዱ ይለማመዱ

በጠባብ ቤት ከቤተሰብ ጋር የሚኖር ሰው «የት ሆኜ ልጩህ?» ማለቱ እውነቱን ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን የእግረኛ መንገድ አስፍቶታል፤ በዝግታ ለሚራመድ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ነው። የስልክ ማዳመጫ በጆሮዎ ያድርጉና ከድል ሐውልቱ ተነሥተው ወደ ፒያሳ እያመሩ ንግግርዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይበሉት፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ በስልክ የሚነጋገሩ ስለሚመስለው ዞሮ አያይዎትም። መኪናውና ሰዉ በሚፈጥረው ግርግር መካከል ሐሳቡን ይዞ የሚዘልቅ ሰው በአዳራሽ ውስጥ ወንበር ሲንኳኳ አይደነግጥም። መኪና መንገድ ሲያቋርጡ ግን ልምምዱን ያቁሙ።

በሁለተኛው ዙር ድምፅዎን በስልክ ይቅዱ። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ላይ ደስ አይልም፤ ራሳችንን የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለሆነ የተቀዳው ቀጠን ብሎ እንግዳ ይመስለናል። ድምፁ ያምራል አያምርም የሚለውን ትተው አንድ ነገር ብቻ ያዳምጡ፦ ግሦቹ ይሰማሉ ወይ? ፍጥነትዎንም በዚሁ ይለኩ። ለእንግሊዝኛ የተቀመጠው በደቂቃ ከ130 እስከ 150 ቃል የሚለው ልክ ለእኛ አይሠራም፤ «ስላልነገርኋቸው» የሚለውን አንድ ቃል እንግሊዝኛ በስድስት ቃል ይለዋል። አንድ ገጽዎ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በራስዎ ለክተው፣ ከተሰጠዎት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ያነሰ አድርገው ያዘጋጁ።

በቃል ማጥናት ያለብዎት የመጀመሪያዎቹን ሁለትና የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። ሁሉን በቃሉ ያጠና ሰው አንድ ቃል ከጠፋበት ሰንሰለቱ በሙሉ ይበጠስበታል።

7. በዕለቱ ቀድመው ይድረሱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ በእግር ወጥቶ ወዲያው መድረክ ላይ የቆመ ሰው፣ የሚያለከልከው ከዳገቱ ይሁን ከፍርሃቱ ራሱም አይለየውም። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይግቡና አዳራሹ ባዶ ሳለ መድረኩ ላይ ቆመው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። የድምፅ ባለሙያውን በስሙ ይተዋወቁት፤ ማይክሮፎኑ የት ላይ እንደሚከፈት ያሳይዎ። ማይክሮፎኑን ከአፍዎ ከግማሽ ስንዝር እስከ አንድ ስንዝር አርቀው፣ ከከንፈርዎ ትንሽ ዝቅ አድርገው ይያዙት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፖሊስ»፣ «ፓርላማ» በሚሉት ቃላት ላይ ትንፋሹ ቡፍ ይላል።

ተራዎ ሲቃረብ በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያውጡ፤ አምስት ጊዜ ይደጋግሙት። ከገባው ረዘም ብሎ የሚወጣ ትንፋሽ የልብን ምት ያረጋጋል። ለብ ያለ ውኃ ይጠጡ፤ ቡናውን ለኋላ ያቆዩት።

8. ሰላምታውን ማረፊያ ያድርጉት

መድረክ ላይ እንደ ወጡ ወዲያው አይናገሩ። ቆመው ማስታወሻዎን ያስተካክሉ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሰውን ይዩ፣ ከዚያ «እንደምን አረፈዳችሁ?» ይበሉ። እዚህ ላይ ባህላችን ትልቅ ስጦታ ሰጥቶናል፤ ሰዉ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልሳል። ያ ምላሽ እስኪያልቅ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች የእርስዎ ናቸው፤ በደንብ ይተንፍሱበት። አዳራሹ ሲመልስልዎ ደግሞ ፍርድ ቤት የቆሙ መስሎ መሰማቱ ይቀርና ጨዋታ እንደ ጀመሩ ይሰማዎታል። የሽማግሌ ምርቃት በየሐረጉ «አሜን» እየተባለ እንዴት ሳይቻኮል እንደሚሄድ ያስተዋለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

የክብር እንግዶች ካሉ ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ጽፈው፣ ከመድረኩ አስተባባሪ ጋር አረጋግጠው ይያዙ፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መርሳት ከስሕተት ሁሉ የሚያስቀይም ነውና ጥርጣሬ ካለ «ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን» ብሎ ሁሉን በአንድነት መጥራት ይሻላል። ከዚያ በቃል ያጠኗቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይበሉ። «ብዙም አልተዘጋጀሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለው አይጀምሩ፤ ትሕትና ይመስላል እንጂ አድማጩን ጉድለት ፍለጋ ይልከዋል።

9. ሲቋረጡ ቆመው ይጠብቁ

መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አርፍዶ የመጣ እንግዳ ፊት ለፊት ያልፋል፣ ወይም ሐሳቡ ራሱ ይጠፋል። ለሁሉም አንድ መልስ አለ፦ ዝም ብሎ መቆም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቀርቡ፣ ከጋዜጠኞች መቀመጫ ላይ የነበሩ ጣሊያናውያን በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ረብሸኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ በዝምታ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያም ንግግራቸውን በአማርኛ አሰሙ። ፈረንሳይኛ አሳምረው የሚያውቁ ሲሆኑ በዚያን ቀን የመረጡት የገዛ ቋንቋቸውን ነበር። ለጀማሪ ከዚህ የሚወሰደው ሁለቱም ነው፤ በዝምታ መቆምም፣ በተሻለ በሚያውቁት ቋንቋ መናገርም።

ሐሳቡ ከጠፋብዎ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለው ይድገሙት፤ አድማጩ ለአጽንዖት የተደገመ ይመስለዋል፣ እርስዎም በዚያች ጊዜ ማስታወሻዎን ያገኙታል። የማያውቁትን ከተጠየቁ «ይህን አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ይበሉና ጠያቂውን ኋላ ፈልገው በእርግጥ ይንገሩት።

10. በዚያው ቀን ይመዝግቡ

ከአዳራሹ ወጥተው ሳይቆዩ፣ ቅርብ ያለ ካፌ ገብተው እንኳ ቢሆን፣ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ምን ላይ ድምፅዎ ጠንካራ ነበር፣ የትኛው ግሥ ላይ ወረደ። ለሚያምኑት ሰው «እንዴት ነበርሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «ቆንጆ ነበር» ብቻ ይሆናል። «ኋላ ሆነህ ያልሰማኸው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁት። ያን ዓረፍተ ነገር በወረቀቱ ላይ ያክብቡትና ለሁለት ይክፈሉት፤ የሚቀጥለውንም መድረክ ቀን ከሁለት ሳምንት ሳያሳልፉ ይያዙ፤ እድሩ ባይሰበሰብ እንኳ የሰው ውይይት ላይ ተገኝተው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ።